ቅዳሜና እሁድ ቢሾፍቱ፦ ለባልና ሚስት ከነውሻቸው

አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ውሻ የግቢ ውሻ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ተፈትቶ ግቢ ይጠብቃል። ከበር የሚወጣው ክትባት ሊወጋ ሲወሰድ ብቻ ነው፤ እሱም ከተወሰደ። እንዲህ ያለውን ውሻ ቅዳሜ ጠዋት መኪና ላይ ጭኖ ቢሾፍቱ ማድረስ አይከብድም። የሚከብደው ከደረሱ በኋላ ያለው ነው። መንገድ ላይ ያስታውካል፣ ጋሪ ባየ ቁጥር ይዘላል፣ በማያውቀው ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሲያላዝን ያድራል፣ ባለቤቶቹም እንቅልፍ አጥተው ይመለሳሉ። ጥፋቱ የውሻው አይደለም፤ ማንም ስላላለማመደው ነው። ስለዚህ የጉዞው ዝግጅት የሚጀመረው ከአንድ ወር በፊት፣ በሰፈር ውስጥ በሚደረጉ አጫጭር መውጫዎች ነው።

ከጉዞው በፊት ያሉት አራት ሳምንታት

በመጀመሪያው ሳምንት ከግቢ አትውጡ። የብረት ሰንሰለቱን ተዉትና ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚረዝም የጨርቅ ገመድ ያዙ። ሰንሰለት እጅ ይልጣል፣ ድምፁም ውሻውን ያስደነግጠዋል፤ ከዚያም በላይ ለውሻው ሰንሰለት ማለት ጥበቃ ማለት ነው፣ ሲታሰርበት የኖረው ለዚያ ነውና። ገመዱን ከአንገት ቀበቶው ይልቅ በደረቱና ከፊት እግሮቹ ጀርባ በሚያልፍ የደረት ማሰሪያ ላይ ብታያይዙት ይሻላል። ሲጎትት ጉሮሮው አይታነቅም፣ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግም በቀላሉ አይሾልክም። ማሰሪያው ልክ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ጣት ከሥሩ አስገቡ፤ ሁለት ጣት ሳይጨናነቅ ከገባ ልክ ነው፣ መዳፍ ሙሉ ከገባ ሰፍቷል። ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ ግቢ ውስጥ ይዛችሁት ዙሩ።

እግረ መንገዳችሁን አራት ቃላት አስተምሩት፦ «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ቆይ»፣ «ተው»። ለመንገድ እነዚህ ይበቃሉ። ዋናው ነገር ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ቃል መጠቀማችሁ ነው። ባል «ና» እያለ ሚስት በእንግሊዝኛ «ከም» ካለችው፣ ወይም አንዳችሁ የከለከላችሁትን ሌላችሁ ከፈቀዳችሁለት፣ ውሻው የሚማረው ማንን መስማት እንደማያስፈልግ ነው። ቃሉን በሰማ ቁጥር ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ሥጋ ስጡት፤ ሳይራብ ከሠራችሁ ግን ሥጋው ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ልምምዱ ከቁርስ በፊት ይሁን።

በሁለተኛው ሳምንት ከበር ውጡ። ጥሩው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ብርሃን አለ፣ ሰውና መኪና ግን ገና አልበዛም። ጨለማ ሳይገፈፍ መውጣት አያስፈልግም። የሰፈር ውሾች በመንጋ የሚንቀሳቀሱት ያን ጊዜ ነው፣ የከተማዋ ዳርቻ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ጅቡ ገና ጉድጓዱ አልገባም። በ15 ደቂቃ ጀምራችሁ ሳምንቱ ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት አድርሱት።

ሦስተኛው ሳምንት የመኪና ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ውስጥ አብሉት። በማግሥቱ ሞተሩን አስነሡና ሳትንቀሳቀሱ አብሉት። ከዚያ አሥር ደቂቃ ሰፈር ውስጥ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት። መድረሻው ሁልጊዜ ደስ የሚለው ቦታ ይሁን። መኪና የገባበት ቀን ሁሉ በመርፌ ካለቀ፣ ውሻው የመኪና በር ሲከፈት ገና መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ብዙዎች «ውሻዬ መኪና ይጠላል» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

በአራተኛው ሳምንት የግማሽ ቀን መውጫ አድርጉ። ከእንጦጦ ባሕር ዛፎች መካከል ለአንድ ሰዓት መራመድ፣ ከዚያ ደጅ ላይ ጠረጴዛ ያለው ቡና ቤት ዘንድ መቀመጥ ይበቃል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ያልለመደ ውሻ ቶሎ ይደክማል፤ ምላሱ ረዝሞ ከቀረ አሳርፉት። ቡና ቤት ስትቀመጡ ገመዱን የጠረጴዛ እግር ላይ አትሰሩ፤ ድመት ካየ ጠረጴዛውን ከነሲኒው ይዞት ይሄዳል። ከጫማችሁ ሥር አሳልፋችሁ፣ ጫፉን ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡበት። ግማሽ ሰዓት በጸጥታ ከተኛ ለቢሾፍቱ ደርሷል። ካልተኛ ጉዞውን ሁለት ሳምንት ግፉት።

ክትባትና መድኃኒት

የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ይህን ክትባት ያልወሰደ ውሻ ከከተማ አይውጣ። የመጀመሪያው በሦስት ወር ዕድሜው ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይታደሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ከሆነ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይሁን፤ መከላከያው ሰውነቱ ውስጥ እስኪዳብር ሳምንታት ይወስዳል። የክትባት ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፎቶውንም ሁለታችሁም ስልክ ላይ ይኑር። ውሻችሁ ሰው ቢቧጭር መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

የትል መድኃኒቱ ለኮሶ ዓይነት ትሎችም የሚሠራ መሆኑን ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሁሉም አይሠራም። የበግ ወይም የከብት ጉበትና ሳንባ ጥሬውን የበላ ውሻ የሚይዘው ትንሽ ትል አለ። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ በእጅ በኩል ሰው አፍ ከገባ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ እጢ ይሠራል። አልጋችሁ ላይ የሚወጣ ውሻ ካላችሁ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። የመዥገርና የቁንጫ መከላከያው ጀርባ ላይ የሚንጠባጠበው ዓይነት ከሆነ ውኃ ከመግባቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይደረግለት።

ለምን ቢሾፍቱ?

ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በፍጥነት መንገዱ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት በታች ይደረሳል፣ ለመጀመሪያ ጉዞ ውሻ የሚችለው ርቀት ይህ ነው። ሐይቆች አሉት፦ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፣ ኩሪፍቱ። ከዚህ ሌላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም፣ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ኢንስቲትዩትም የሚገኙት እዚያው ነው፤ የእንስሳት ሐኪም የማይጠፋበት ከተማ ነው። ቢሆንም ቅዳሜና እሁድ ማን ተረኛ እንደሆነ ሐሙስ ደውላችሁ ስልኩን ያዙ።

ከመስቀል በኋላ ባለው የኢሬቻ ሰሞን ግን በሌላ ሳምንት ሂዱ። ሆራ አርሰዲ የሚሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ ለውሻም ለሕዝቡም አይመችም።

የማይኬድበትን ቦታም እንንገራችሁ፦ ባሌ ተራሮች፣ ሰሜን ተራሮችና የመንዝ ጓሳ። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው እዚያ ነው፣ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም ይባላል። ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ውስጥ ብዙ ቀበሮዎችን ጨርሷል። የተከተበ ውሻም ቢሆን እዚያ አይወሰድ፤ ሌሎች በሽታዎችንም ሊያስተላልፍ ይችላል።

ቤቱን ስትይዙ

ብዙ ሪዞርቶች ውሻ አያስገቡም። የሚያዋጣው ግቢ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ወይም ለቅዳሜና እሁድ የሚከራይ ሙሉ ቤት ነው። ስልክ ስትደውሉ «ውሻ ይቻላል?» ብላችሁ አትጨርሱ። ብዙ ጊዜ «ይቻላል» የሚባለው ውሻው ውጭ ዛፍ ላይ ታስሮ ያድራል ተብሎ ነው። ክፍል ውስጥ አብሯችሁ ማደር እንደሚችል በቀጥታ ጠይቁ። አጥሩ ከታች ክፍተት እንዳለው ጠይቁ። የግቢው ዘበኛ ውሻ እንዳለው፣ ካለውም በስንት ሰዓት እንደሚፈታ ጠይቁ፤ ሁለት ወንድ ውሾች ሌሊት አንድ ግቢ ውስጥ ከተገናኙ መጨረሻው ስፌት ነው። የአይጥ መርዝ በቅርቡ ተደርጎ እንደሆነም ጠይቁ። ይህን ሁሉ ስትጠይቁ ባለቤቱ ቅር ካላቸው ሌላ ቤት ፈልጉ።

የሚያዝ ዕቃ

ውኃ ቀድማችሁ አስቡ። ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ማለት እስከ 1.2 ሊትር ነው፣ በሙቀትና በእንቅስቃሴ ቀን እጥፍ ይሆናል። ለሁለት ቀን አምስት ሊትር ጀሪካን ያዙለት። የሐይቁን ውኃ መጠጥ አድርጋችሁ አትቁጠሩ።

ምግቡን ከቤት ያዙ፣ እንደለመደው። ጉዞ ላይ የምግብ ለውጥ ተቅማጥ ያመጣል፣ ተቅማጥ የያዘው ውሻ ደግሞ የሰው ቤት ምንጣፍ ያበላሻል። ሩዝና ሥጋ የምትቀቅሉለት ከሆነ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ጨው ሐሙስ ማታ ቀቅላችሁ በአራት ከረጢት አከፋፍላችሁ በረዶ አድርጉት። ጾም ሲሆን ይህን መርሳት ይጎዳል፤ በሁዳዴና በፍልሰታ አብዛኛው ሥጋ ቤት ዝግ ስለሚሆን እዚያ ደርሶ ቅንጥብጣቢ እገዛለሁ ማለት አያዋጣም።

ከዚህ ሌላ፦ የሚተኛበት አሮጌ ጋቢ ሳይታጠብ (የቤቱ ጠረን እንዲኖረው)፣ ሁለት ሳሕን፣ ትርፍ ገመድ፣ አሥር ሜትር የሚሆን ረጅም ገመድ ለሐይቅ፣ ለዓይነ ምድሩ ደርዘን ፌስታል፣ አሮጌ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ፋሻ፣ ወረንጦ፣ ቴርሞሜትር። የሰው ማስታገሻ ግን አትስጡት። ፓራሲታሞልም ኢቡፕሮፌንም ውሻን ይመርዛሉ። አንገቱ ላይ የሁለታችሁም ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቀበቶ ይኑር፤ ባለቤት እንዳለው የሚያሳየው እሱ ነው።

መንገድ

ከመነሣታችሁ አራት ሰዓት በፊት ጀምሮ አታብሉት፤ ውኃ በጥቂቱ ይጠጣ። ከግማሽ ሰዓት በፊት አራምዱትና ይጸዳዳ፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ ለዚህ ብሎ መቆም አይቻልም። ኋላ ወንበር ላይ ጋቢውን አንጥፉና የደረት ማሰሪያውን ከመቀመጫ ቀበቶው ጋር በአጭሩ እሰሩት። አንዳችሁ ትነዳላችሁ፣ ሌላችሁ ከኋላ ትቀመጣላችሁ። የፒክአፕ ጭነት ላይ አንገቱን አስሮ መውሰድ ልማድ ሆኗል፤ ከዘለለ ግን በገመዱ ይንጠለጠላል።

ልጋጉ መዝረብረብ፣ ደጋግሞ ከንፈሩን መላስ ከጀመረ ሊያስታውክ ነው። መስኮቱን ሦስት ጣት ያህል ክፈቱ፣ ፍጥነት ቀንሱ። ጭንቅላቱን ግን አታስወጡለት።

በአሮጌው መንገድ ከሄዳችሁ ዱከም ላይ ሥጋ ለመብላት መቆም ያምራችሁ ይሆናል። ቁሙ፣ ግን አንዳችሁ ከውሻው ጋር ቆዩ። ሥጋ ቤት ዙሪያ የሚውሉ ውሾች እንግዳ አይወዱም፤ መኪና ውስጥ ቆልፎ መተው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ውጭ 24 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጥ በአሥር ደቂቃ 34፣ በግማሽ ሰዓት ከ40 በላይ ይደርሳል። መስኮት በጥቂቱ መክፈት ይህን አያድነውም።

ቀኑን በውሻው ሰዓት

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚል ይሞቃል፤ የደጋ ውሻ ልዩነቱን ያውቀዋል። ስለዚህ እንቅስቃሴው ለሁለት ጊዜ ይከፈል፦ ከንጋቱ 12:30 እስከ 2:30፣ ከቀኑ 10:30 እስከ 12:00። አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ አምስት ሰከንድ አሳርፉበት፤ እናንተን ካቃጠለ መዳፉን ይልጠዋል። መካከል ያለው ጊዜ የእንቅልፍ ነው። ጠዋት በደንብ የተራመደ ውሻ ከ5 ሰዓት ጀምሮ ጥላ ሥር ይዘረጋል፣ ያን ጊዜ የእናንተ ነው። ቡናው ይፈላ፣ ወሬው ይውጣ፣ ተኙ። እሱን ክፍል ውስጥ ትታችሁ ምሳ መውጣት ከፈለጋችሁ መጋረጃውን ዝጉ፣ የለበሳችሁትን ካናቴራ አጠገቡ ተዉለት፣ መጀመሪያ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ወጥታችሁ በር ላይ አዳምጡ። ዝም ካለ ሂዱ።

ከተማው ውስጥ ጋሪ ብዙ ነው። ፈረስ አይቶ የማያውቅ ውሻ እግሩ ሥር ዘሎ ይገባል፣ የሚረገጠውም እሱ ነው። ጋሪ ከሩቅ ሲመጣ ቁሙ፣ «ተቀመጥ» በሉት፣ እስኪያልፍ በሥጋ አባብሉት።

ሐይቁ ዳር

ከእነዚህ ሐይቆች አብዛኞቹ እሳተ ገሞራ በቆፈራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው፤ ዳራቸው ገደል ነው፣ ጥቂት እርምጃ ሳይገቡ ውኃው ይጠልቃል። ውሻ ሁሉ ዋና ያውቃል የሚባለው እውነት አይደለም። ረጅሙን ገመድ በደረት ማሰሪያው ላይ አያይዙ፣ አንዳችሁ ገመዱን ይዛችሁ ዳር ቁሙ፣ ሌላችሁ አብራችሁ ግቡ። መጀመሪያ የሚወጣበትን ቦታ አሳዩት፤ የሚሰምጡት ውሾች ብዙዎቹ መዋኘት የሚችሉ፣ መውጫ ያጡ ናቸው። አምስት ደቂቃ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። ድንጋይ አትወርውሩለት፣ ጥርሱን ይሰብራል፤ እንጨት ይሁን።

ውኃው ላይ እንደ ቀለም የተንሳፈፈ አረንጓዴ ካያችሁ አታስገቡት። አንዳንዱ አልጌ መርዛም ነው፣ ውሻ ደግሞ ሲወጣ ፀጉሩን ይልሳል። አጥማጆች የጣሉት ሲባጎና መንጠቆም ዳር ላይ አይጠፋም፤ የዓሣ ጠረን ስላለው ይውጠዋል። መንጠቆ ከዋጠና ሲባጎው ከአፉ ወጥቶ ካያችሁ አትሳቡት፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ከወጣ በኋላ በጀሪካኑ ውኃ አለቅልቁት፣ ጆሮውን አድርቁ።

ከማዕዳችሁ ምን ይቅመስ?

ወጥ አይቅመስ። የወጣችን መሠረት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ምልክቱ በዚያው ቀን አይታይም። ከቀናት በኋላ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ቅዳሜ የበላው የዶሮ ወጥ መረቅ ማንም ትዝ አይለውም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር ተሰብሮ አንጀት ይወጋል። የበቆሎ እሸት ቆረቆንዳና የማንጎ ዘር አንጀት ይዘጋሉ፤ መንገድ ላይ ጠብሰው ሲሸጡ በልታችሁ ቆረቆንዳውን መሬት አትጣሉ። ቸኮላት፣ ዘቢብ፣ ስኳር የለሽ ማስቲካ መርዝ ናቸው። መሬት ላይ የወደቀ ሥጋንም «ተው» በሉት። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመቀነስ የተመረዘ ሥጋ የሚጣልበት ጊዜ አለ።

ሰውና ከብት

የገበሬው በግ ቀልድ አይደለም። ከብት ባለበት ሁሉ ገመዱ አይፈታ፣ «የኔ አይነካም» አይሠራም። እረኛው ልጅ ከፈራ መንገዱን እናንተ ልቀቁ። ሙስሊም ጎረቤት ባለበት ልብሳቸውን ወይም ዕቃቸውን እንዳይልስ ጠብቁ፤ ምራቁ ከነካ ደጋግመው ማጠብ አለባቸው። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ውሻ አይገባም፤ ልትሳለሙ ከሆነ ተራ በተራ ግቡ።

የሰፈር ውሾች ከከበቧችሁ አትሩጡ። ውሻችሁን ከኋላችሁ አድርጉና ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሡ ምሰሉ፤ አብዛኞቹ ይህን ሲያዩ ይመለሳሉ።

ከመሸ በኋላ ውጭ አይቅር። ሐይቆቹ ዙሪያ ጅብ አለ፣ የታሰረ ውሻ ደግሞ ማምለጥ እንኳ አይችልም። ለመጨረሻ ጊዜ ማታ ሲጸዳዳ በገመድ፣ በባትሪ፣ ግቢ ውስጥ።

ቢከፋ

ሙቀት ከጎዳው ያለከልካል፣ ድዱ እንደ ቀይ ሥር ይቀላል፣ ይንገዳገዳል። ጤነኛ ውሻ ሙቀቱ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው። ወደ 41 ከቀረበ ጥላ ሥር አድርጉት፣ ሆዱንና ብብቱን ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፤ በረዶ አይሁን። 39.5 ሲደርስ አቁሙ፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ከእናንተ አንዱን የማታውቁት ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። «ውሻው ጤነኛ ይመስላል» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ፀበሉም የባህል መድኃኒቱም ክትባቱን አይተኩም። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የተነከሰው ውሻችሁ ከሆነ በጓንት ወይም በፌስታል እጃችሁን ሸፍናችሁ እጠቡለት፣ የክትባቱ ጊዜ ያላለፈም ቢሆን እንዲደገምለት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ቤት ስትመለሱ

መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት አበጥሩት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ጭጎጎትና የደረቀ የሣር ፍሬ ጣቶቹ መካከልና ጆሮው ውስጥ ይሰካል፤ አንድ ጆሮውን እያዘነበለ ደጋግሞ ካራገፈ ገብቷል ማለት ነው፣ በጥጥ ጫፍ አትግፉት። መዥገር የሚወደው ጆሮ፣ አንገት፣ ብብትና ጣት መካከል ነው። በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ በቀስታ ሳቡ። ናፍጣ መቀባትና ክብሪት ማስጠጋት መዥገሩ የጠጣውን ወደ ደሙ እንዲመልስ ያደርገዋል። መዳፉ ላይ መካከሉ ጥቁር ነጥብ ያለው ነጭ እብጠት ካያችሁ ሙጃሌ ነው፤ ይነቀል፣ በሳሙና ይታጠብ።

ለሦስት ሳምንት ያህል ዓይን አይለየው። ምግብ ከተወ፣ ካተኮሰው፣ ድዱ ከነጣ ወይም አፍንጫው ከደማ መዥገር ያመጣው በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ዘንድ ወስዳችሁ «ቢሾፍቱ ሄዶ ነበር፣ መዥገር ነቅለንለታል» ብላችሁ ቀኑን ንገሩት።